በኩዌት ዞሮ የሚመጣው መጽሔት

ኩዌት፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1984

ለጌታ ለኢየሱስ ምስጋና ይሁን።

ለተከበሩ አክስቴ ለአቻማ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎና ከልጄ ናፍቆት በቀር በጣም ደህና ነኝ። ላሚቱ እንዴት ናት? የጉልበትዎስ ሕመም?

ሬኒን እርስዎ ዘንድ ትቼ ከመጣሁ እነሆ አሥር ሳምንት ሆነ። እዚህ ነርሶች የምንኖርበት ሕንፃ ልጅ አያስገቡም። ባለቤቴ ማታይም የሚሠራው በረሃ ውስጥ ካምፕ ስለሆነ ሌላ መላ አልነበረንም። እናቴ በሕይወት ብትኖር ለእሷ እተዋት ነበር። እርስዎ የእናቴ የአጎት ልጅ ነዎት ይባል እንጂ ለኔ ከእናት አይለዩም፤ ይህን የምለው ለማባበል እንዳይመስልዎ።

እዚህ የአገራችን የሴቶች መጽሔት በየሳምንቱ በአውሮፕላን ይመጣል። ለአሥራ አንድ ሆነን ተራ እየጠበቅን ነው የምናነበው። የኔ ተራ መጨረሻ ስለሆነ ለእናቶች የሚጠቅመውን ገጽ በመቀስ ቆርጬ አስቀራለሁ። ሦስቱን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ። አንደኛው ጥርስ ስለሚያወጣ ሕፃን ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማስነከስ ድዱን ያስታግሳል ይላል። ሁለተኛው ለገንፎ የሚሆን ሙዝ እንዴት ደርቆ እንደሚፈጭ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የስኳር ጣሳ ውስጥ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ከተጣለበት ጉንዳን አይደርስም ይላል። ይህን የላክሁት ስኳርዎን ጉንዳን ወሮት ስላየሁ ነው፤ አይቆጡኝ።

ስለ ሬኒ ሲጽፉልኝ ትንሹንም ነገር አይተዉብኝ። ፎቶዬን ያሳይዋታል?

ዘወትር የምታስብዎ ልጅዎ
ሱሳማ


ፓላ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1984

ለልጄ ለሱሳማ፤ የሰማይ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ይሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ስጠይቀው ግን እሱ ደህና ነኝ አላለም። ላሚቱም ትናንት የወተቱን ባልዲ ገልብጣው እስከ ምሳ ድረስ ተኳርፈን ነበር።

ቁርጥራጮችሽ ደርሰዋል። ልጄ፣ ሦስት ወንዶች አሳድጌያለሁ። አንዱ ቄስ ሆኗል፤ አንዱ የባንክ ጸሐፊ ነው፤ ሦስተኛው ምን እንደሚሆን እግዜርም ገና አልወሰነም። ሦስቱም ጥርስ ያወጡት ያለ መጽሔት ነው። ደግሞ ያ መጽሔት የት እንደሚታተም ታውቂያለሽ? ኮታየም! ከኔ ቤት በአውቶቡስ አንድ ሰዓት። ከዚህ ተነሥቶ በአውሮፕላን ባሕር ተሻግሮ ኩዌት ይሄዳል፤ እዚያ በመቀስ ይቆረጣል፤ ከዚያ እንደገና ባሕር ተሻግሮ ሙዝ እንዴት እንደሚደርቅ ሊነግረኝ ይመጣል። ለኔ! ሙዝ!

ቅርንፉዱ ግን ሠርቷል። ለጎረቤቴ ለሮሳማ አልነገርኋትም፤ አንቺን ግን አልዋሽሽም።

አንድ ነገር አስቀየመኝ። ከጥርሱ ወረቀት ጀርባ የሳምንታዊው ልብ ወለድ ቁራጭ አለ። ልጅቷ ሻንጣዋን አንሥታ ልትወጣ ስትል በሩ ይንኳኳል። ትከፍታለች። «በሩ ላይ የቆመው» ይልና መቀስሽ እዚያው ላይ አልፎበታል። ማን ነው የቆመው? እኔ ልብ ወለድ አላነብም፤ ግን እንዲህ አድርጎ ሰውን ማንጠልጠል ነውር ነው።

ሬኒ ሁለት ጥርስ ጨምራለች። በአዲሶቹ ጥርሶቿ የቄሱን ልጄን ጣት ነክሳው በአባቶች ፊት የማይባል ነገር አስወጥታዋለች። ፎቶሽ ከጌታ ስዕል አጠገብ ተሰቅሏል፤ ስንጸልይ ሁለታችሁንም ታያለች።

አክስትሽ
አቻማ


ኩዌት፣ ማርች 9 ቀን 1984

ለጌታ ምስጋና ይሁን። ለተከበሩ አክስቴ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ለላሚቱም ጭምር፤ እርቅ እንደወረደ ተስፋ አለኝ።

ከአሁን በኋላ መጽሔቱን ሙሉውን እልክልዎታለሁ። ነርሶቹ የአክስቴ ልብ ተንጠልጥሎ ቀርቷል ብላቸው ስቀው ፈቀዱልኝ። የሚጠቅመውን ቦታ በሆስፒታሉ ቀይ እስክሪብቶ ከብቤዋለሁ። ለልብ ወለዱ ሲሉ ቀዩን እንዳይዘልሉብኝ።

ገጽ 14 ላይ አንድ ሐኪም እንደ ሬኒ ዕድሜ ያለ ልጅ ቢያንስ ስድስት ቃል መናገር አለበት ይላል። ቃሎቿን ዘርዝረው ይጻፉልኝ። ደግሞ ወረቀት ላይ አቁመዋት የእግሯን ዙሪያ በእርሳስ ይሳሉልኝ፤ ጫማ እገዛላታለሁ።

የምሠራው ሕፃናት ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ አቅፌ የኔዋን አስባለሁ። አንዳንዱ ሕፃን ይህን የሚያውቅብኝ ይመስለኛል፤ አተኩሮ ያየኛል።

ልጅዎ ሱሳማ


ፓላ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1984

ለልጄ ለሱሳማ፤ እመቤታችን ትጠብቅሽ።

ፖስተኛው! በሩ ላይ የቆመው ፖስተኛው ነው! ለዚህ ነው እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሥራ የፈታሁት? የዚህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ባገኘው የምነግረው ነገር አለኝ። የሚቀጥለውን ግን እንዳትረሺ፤ ፖስተኛው የያዘው ደብዳቤ ከማን እንደሆነ ገና አልተነገረም።

ቃሎቿ እነዚህ ናቸው፦ ላም፣ ውሃ፣ ወፍ፣ ቻካ፣ እምቢ። «እምቢ»ን በቀን መቶ ጊዜ ስለምትል ለሐኪምሽ እንደ መቶ ይቁጠራት በዪው። ሌላም አንድ ቃል አለች፤ እሷ ግን ገና ጥርት ብላ አልወጣችም።

የእግሯ ስዕል ይኸው። ስድስት ጣት ያላት ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ ስለተነቃነቀችብኝ ነው። ከጓሮው የቻካ ዛፍ ሥር ነው የሳልኳት፤ ያ ትልቁ እሾሃማ ፍሬው በስሎ ወድቆ ፈንድቶ ስለነበር ወረቀቱ ላይ ያለው ቢጫ ነገር እሱ ነው።

አቻማ


ኩዌት፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1984

ለጌታ ምስጋና ይሁን። አክስቴ፣ የእግሯን ስዕል ከአልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። መዳፌን ስጭንበት ከእጄ ያንሳል። ወረቀቱ አሁንም ቻካ ቻካ ይሸታል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ቤቴ» አልኳት።

ቀይ ጫማ ገዝቻለሁ። መጽሔቱ የልጅ እግር በሦስት ወር ግማሽ ጣት ያህል ያድጋል ስላለ ያንኑ አስልቼ ጨምሬያለሁ። ለዕረፍት የምትመጣ ነርስ ታደርስልዎታለች። ለጉልበትዎ ገጽ 31ን ይመልከቱ፤ ሞቅ ያለ አሸዋ በጨርቅ ቋጥሮ መተኮስ ይላል።

ስድስተኛው ቃል ምንድን ነው? ባይጠራም እንደሚሰማው አድርገው ይጻፉልኝ። ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፤ ያልጠራ ቃል እችላለሁ።

ሱሳማ


ፓላ፣ ኦገስት 12 ቀን 1984

ለልጄ ለሱሳማ፤ አምላክ ልብሽን ያስፋልኝ። ዛሬ ያስፈልግሻል።

ሦስት ደብዳቤ ልከሽ አልመለስኩም። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ነበር ልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን መንገዱ የተቆረጠው ለአራት ቀን ብቻ ነው።

ጫማው ደርሷል። ነርሷ እናቷ ታማባት በቀጥታ ወደ ትውልድ መንደሯ ስለሄደች ያመጣችው በጁላይ መጨረሻ ነው። አልገባላትም። እግሯ የመጽሔቱን ቃል አልጠበቀም። እሷ ግን ግድ የላትም፤ እጆቿ ላይ አጥልቃው በአራት እግሯ እየሄደች ላም ትሆናለች። ጓሮው በቀይ ጫማ ላም ተሞልቷል።

አሁን የተውኩትን ልጻፍ። ስድስተኛው ቃል «እማ» ነው። አልጠራም ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ድሮም ጥርት ያለ ነበር። የምትለው ግን እኔን ነው። አላስተማርኋትም፤ በመስቀሉ እምልልሻለሁ። ላሚቱን ሳልብ ከኋላዬ መጥታ «እማ» ስትል ዞር አልኩ፤ አንቺ የመጣሽ መስሎኝ ነው የዞርኩት። ከኔ በቀር ማንም አልነበረም። ደስ እንዳለኝም አልደብቅሽም። ወንዶቹ ከቤት ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ደስ ስላለኝ ነው የደበቅሁሽ።

ላርመው ብዬ ደግሞ የባሰ ነገር ሠራሁ። መጽሔትሽ በመጣ ቁጥር «እማ ላከች፣ ይኸው የእማ» እያልኩ እሰጣት ጀመር። ሽፋኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ ሳሪ የለበሰች ሴት ነበረች። ሬኒ አየቻት አየቻትና «እማ» ብላ ሳመቻት። እኔም ሞኟ ተሳካልኝ ብዬ አጨበጨብኩ። በሳምንቱ ሌላ ሴት መጣች፤ እሷንም «እማ» ብላ ሳመች። አሁን አሥራ አራት እናቶች አሏት፤ አንዷ ሳሙና የምታስተዋውቅ ናት። ባለፈው ሽፋኑ ላይ የወጣው ጢማም ተዋናይ ነበር። ትንሽ አመነታችና እሱንም ሳመችው።

ፎቶሽን ከግድግዳው አውርጄ ሰጠኋት። የነርስ ቆብና ነጭ ልብስሽን ስታይ ጮኻ አልጋ ሥር ገባች። ለካ በቅርቡ ክትባት የወጋቻት ሴትዮ መስለሻት ነው። ያኔ ነው ነገሩ ከእጄ እንደወጣ ያወቅሁት።

ብትረግሚኝም ጻፊልኝ።

አቻማ


ኩዌት፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1984

ለጌታ ምስጋና ይሁን።

አክስቴ፣ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ወር አልፏል። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ቀደድኩት። የመጀመሪያው ለእርስዎ የማይገባ ነበር። ተናድጄብዎ ነበር፤ ቆይቶ ግን በማን ላይ እንደምናደድ ጠፋብኝ። ልጅ አቅፋ የያዘችውን እማ ይላል። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ስለ ጢማሙ ተዋናይ ሳነብ ሳቅሁ፤ ሳቁም ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ወዲያው ለቅሶ ሆነ።

ከዚህ ጋር መጽሔት ልኬያለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሳሪ ለብሼ ፎቶ ቤት ሄድኩና ፎቶዬን በተዋናይቷ ላይ ለጠፍኩት። እንደ ሌሎቹ ይስጧት።

ሌላ ዜና አለ። ማታይ ወደ ከተማ ተዛውሯል፤ ድርጅቱም ሁለት ክፍል ቤት ሰጥቶናል። ሜይ ላይ መጥቼ ሬኒን ይዣት እመለሳለሁ። ይህን በደብዳቤ መንገር ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ግን አልችለውም።

በዚህ ሳምንት የከበብኩት ገጽ የለም።

ሱሳማ


ፓላ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1985

ለልጄ ለሱሳማ፤ የገና በረከት ከቤታችሁ አይጥፋ።

ልጅሽ ናት፤ ይዘሻት ሂጂ። ይህን ለመጻፍ አንድ መስመር በቃኝ፤ ወረቀቱን ከመሳቢያ ለማውጣት ግን አንድ ወር ፈጀብኝ። በቃ፣ ስለዚህ ሁለተኛ አንነጋገርም።

የአንቺን ሽፋን ሰጠኋት። አልዋሽሽም፣ አልሳመችውም። ጠርዙን በጥፍሯ እየነካካች «ተጣብቃለች» አለችኝ። ከዚያ ልጣ ልታወጣሽ ጀመረች። አፍንጫሽ ላይ ስትደርስ ወሰድኩባት። ሮሳማ አይታ «ይቺ ልጅ እናቷን ከወረቀት ላይ ልታወርዳት ነው» አለች። በምላሷ እንደማልወዳት ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ግን ቡና አፈላሁላት።

አሁን ስሚኝ። ይህን የትኛውም ገጽ ላይ አታገኚውም፣ እኔም ያገኘሁት ጉልበቴ እስኪዝል ተሯሩጬ ነው። ስትመጪ እንዳትሮጪባት። አትጥሪያት፣ አትቀፊያት፣ አሻንጉሊትም አታሳዪያት። ሙጫው እንዳይጣበቅብሽ እጅሽን የኮኮናት ዘይት ተቀቢና የኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለሽ ቻካ ፈልፍዪ። ፍሬው በደንብ የበሰለ ይሁን። እሷን አትዪያት፤ ሥራሽን ብቻ ሥሪ። ቻካ የሚፈለፍል ሰው ጋ ሳትመጣ አትቀርም። ስትመጣም በእጇ አትስጫት፤ ሳህኑ ላይ አስቀምጪና ራሷ ታንሳ። ዘሩን ካፏ አውጥታ እጅሽ ላይ ስታስቀምጥልሽ ያኔ ወዳጅ ሆናችኋል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ሜይ መምጣትሽ ደግ የሆነው፤ ዛፉ ያኔ ሙሉ ነው።

አቻማ


ኩዌት፣ ጁላይ 5 ቀን 1985

ለጌታ ምስጋና ይሁን። ለተከበሩ አክስቴ፤ በሰላም ገብተናል።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዞር ብለው ሳያዩን ስለሄዱ አልተቀየምኩም። እኔም ዞር አላልኩም።

የሁለተኛውን ቀን ነገር ሳልነግርዎ ቀረሁ፤ እርስዎ ላሚቱን ሊያልቡ ሄደው ነበር። ያን ቀን ጧት ላሚቱን ሁለት ጊዜ አለቡ፤ እኔ ያላየሁ መስሎዎት ነው? እንዳሉኝ ዘይት ተቀብቼ ቻካ ስፈለፍል በሩን ይዛ ቆማ ታየኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ መፈልፈሌን ቀጠልኩ፤ አላየኋትም። ቀስ እያለች መጣችና ሳህኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አንድ በላች፣ ሁለት በላች። ሦስተኛውን ስትጨርስ ዘሩን ከአፏ አውጥታ በዘይት የወዛው መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ነርስ ነኝ፣ የማይሆን ነገር እንደሆነ አውቃለሁ።

እዚህ ግን ቻካ የለም። ሬኒ ቀን ቀን ከማታይ ጋር ትጫወታለች፤ እሱን ያለ ምንም ችግር «አባ» አለችው። እኔን «ሱሳማ» ትለኛለች። ሩዝ ሳቀርብላት ሳህኑን ገፍታ በሩን ታያለች። ባለፈው ሐሙስ መጽሔቱ መጣ። ከእጄ ነጥቃ የሽፋኑን ሴት አየቻት፤ «እማ» ብላ ሳመቻት። አሁን «እማ» የምትለው ማንን እንደሆነ አውቃለሁ። «ይህቺ አቻማ አይደለችም» ልላት አስቤ መጽሔቱን ተውኩላት።

ሁሉንም ገጽ አገላበጥኩ። ስለዚህ የጻፈ የለም። ምን ላድርግ?

ልጅዎ ሱሳማ


ፓላ፣ ኦገስት 1 ቀን 1985

ለልጄ ለሱሳማ፤ ለማታይና ለትንሿ የላም አለቃ፤ አምላክ ሦስታችሁንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያኑራችሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ኮታየም ሄድኩ። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሔት ገዛሁ። ሻጩ «ለልጅዎ ነው እናቴ?» ሲለኝ አዎ አልኩት። በአውቶቡሱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እውነትሽን ነው፣ ምንም የለበትም። ስለ ግድግዳ ሻጋታ አንድ ደህና ነገር አለ፤ ቆርጬ ልኬልሻለሁ። ጀርባው ልብ ወለድ ከሆነ ደግሞ ተራሽ ነው፣ ተንጠልጠዪ።

እንግዲህ እኔ ከማውቀው ልጻፍልሽ። ሩዙን በሳህን አታቅርቢላት። በእጅሽ እየጠቀለልሽ ከሳህኑ ጠርዝ በሰልፍ አስቀምጪና የላሚቱ ጥጆች ናቸው በያት፤ አንድ በአንድ ትበላቸዋለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ለላሚቱ ትተዋለች፤ እሱን እንዳትነኪባት። ስትታጠብ ጆሮዋን መጀመሪያ ካጠብሽ ቀኑን ሙሉ ትቀየምሻለች። ስትከፋ አታባብያት፤ ከአጠገቧ ቁጭ ብለሽ አንድ ነገር ልቀሚ፣ ሩዝም ሆነ ምስር፣ ራሷ ትመጣለች። ቻካ ባይኖርም የሚለቀም ነገር አይጠፋም።

ስለ ስሙ ደግሞ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወሩን ሙሉ «ሱሳማ ነይ፣ ሱሳማ ብዪ» ስልሽ ሰምታ ነው። ልጅ የሚሰማውን ነው የሚጠራው። ማታይ ከዛሬ ጀምሮ በሷ ፊት «እማ» ብሎ ይጥራሽ። ያፍራል፣ አውቃለሁ፤ ይፈር። ባሎች ለአንድ ወር ቢያፍሩ አይሞቱም።

እሷንም አርሚያት። እማ አንቺ ነሽ። እኔ አቻማ ነኝ፣ ለኔ ይበቃኛል፤ ሲጠሩኝ እሰማለሁ።

የሽፋኑን ሴት ግን አቻማ ናት ብላ ካሰበች ተያት፣ ምን ቸገረሽ። በሕይወቴ እንደዚያ አምሬ አላውቅም። ብቻ የሳመቻት በየትኛው ሳምንት መጽሔት ላይ እንደሆነ ጻፊልኝ። ኮታየም ቅርብ ነው፤ ያንኑ ሄጄ እገዛዋለሁ።

አቻማ